አባቴ የሚዋሰው መዶሻ

አባቴ ሚስማር መምታት ባሰኘው ቁጥር መዶሻ ሊዋስ ወደ ጓሮ ይሄድ ነበር። ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል፤ መዶሻ የሌለው ሰው መዶሻ ይዋሳል። እኔም አባቴ እስከሞተበት ሳምንት ድረስ የማስበው እንደዚያው ነበር። በመዶሻ ምክንያት የአንድ ቤት ሽያጭ ሊቆም ይችላል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስቄ አልጠግብም ነበር።

ጊዜው ኢሕአዴግ ከገባ አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። እኔ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ባል አልነበረኝም፣ አመል ግን ነበረኝ፤ አንድ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። የሥራ ጓደኞቼ «ምህረት ከጠየቀችህ ከመመለስ መሮጥ ይቀላል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አባቴ አቶ ማዳልቾ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ታላቅ ወንድሜ ታምራት ሐዋሳ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሌላ ወንድምም እህትም የለንም።

ግቢያችን ሰፊ ነው። ፊት ለፊት እኛ ያደግንበት ትልቁ የጭቃ ቤት አለ፤ ከጀርባው እንሰት፣ ከእንሰቱ ማዶ ደግሞ ባለ ሁለት ክፍል ትንሽ ቤት። በትንሿ ቤት እማማ ባሎቴ ትኖራለች። ዘመዳችን አይደለችም፣ ኪራይ ስትከፍልም አይተን አናውቅም። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ደግ አሮጊት ናት፤ አባታችን አዝኖላት አስጠግቷታል ብለን ነው ያደግነው። እንዲህ ነው ብሎ የነገረን ማንም የለም፤ ጎደሎውን ሞልተን የጨረስነው እኛው ነን።

አባቴ ድንገት ነው የሞተው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ወደቀ፤ ኦቶና ሆስፒታል ወሰድነው፣ አልተነሳም። አንድ ቃል እንኳ ሳይናገር ሄደ።

በእኛ ሰፈር የለቅሶ ድንኳን ከመፍረሱ በፊት ሽማግሌዎች ተነስተው ይጠይቃሉ። ሟች ዘንድ አደራ ያስቀመጠ፣ ከሟች የተቀበለ፣ ነገር ያለው ሁሉ በሰው ፊት ይናገራል፤ ኋላ ልጆቹን በየመንገዱ እንዳይዝ ነው። የዚያን ቀን የጠየቁት የሰፈራችን ሽማግሌ አቶ ሳና ነበሩ። አንዲት ሴት ሊሰፋላት የተቀበለው ጨርቅ እንዳለ ተናገረች። አንድ ሰው የአባቴን መሰላል እንደወሰደ ተናዘዘ። ከዚያ እማማ ባሎቴ ከሴቶቹ መሃል ብድግ አለች።

ነጠላዋን አስተካከለች፣ እኔንና ታምራትን በየተራ አየችን።

«የኔን ነገር ማዳልቾ ያውቀዋል» አለች። ከዚያ ተቀመጠች።

አቶ ሳና ትንሽ ጠበቁ፤ ሌላ ነገር አልመጣም። ታምራት ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ምን ማለቷ ነው?» አለኝ። «ሐዘን ነው» አልኩት። ሐዘን እንዳልሆነ ግን ሆዴ ያውቀው ነበር። ሐዘንተኛ ሲናገር ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ያያል እንጂ የሁለት ሰዎችን ፊት እንዲያ አይመረምርም።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ታምራት ስለ ቤቱ አነሳ። ያኔ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሊከፈት ነው ተብሎ ከተማው ሁሉ ቤት ፈላጊና ቤት ሻጭ ሆኖ ነበር።

«እኔ ሐዋሳ ነኝ፤ አንቺ ብቻሽን ይህን ሁሉ ግቢ ምን ታደርጊዋለሽ? እንሽጠውና ሁለታችንም የየራሳችንን እንሥራ።»

አልተቃወምኩም። እውነቱን ለመናገር እኔም የራሴ ቤት አምሮኝ ነበር። ፍርድ ቤት ሄደን ወራሽነታችንን አረጋገጥን። ካርታው በአባቴ ስም ነው፣ የሚከራከር የለም፣ ሁሉም ቅቤ እንደሚቆርጥ ቢላ አለፈ። «እማማ ባሎቴስ?» ስለው «አንድ ክፍል እንከራይላታለን፤ ሜዳ ላይ አንጥላትም» አለኝ። ይህም ትክክል መሰለኝ።

የአባቴን ዕቃ መለየት ለእኔ ተተወ። ከአልጋው ሥር የእንጨት ሳጥን አወጣሁ። መቀስ፣ ሜትር፣ የክር ጥቅልል፣ ከታች ደግሞ መዶሻ።

መዶሻውን አንስቼ አገላበጥኩት። አዲስ ቢሆን ምንም ባልመሰለኝ። እጀታው ግን በእጅ ብዛት ለስልሶ መሃሉ ጎድጉዷል፤ የብረቱ ግንባር ከመምታት ብዛት ተጠፍጥፏል። የዚህ መዶሻ ዕድሜ ከእኔ አያንስም።

«ታምራት! አባባ መዶሻ ነበረው እንዴ?»

«በእጅሽ ይዘሽው ትጠይቂኛለሽ?»

«ታዲያ ለምንድነው ዕድሜ ልኩን የሚዋሰው?»

«እኔ ምን አውቄ! ምህረት፣ እባክሽ ዛሬ እንኳ አትጀምሪ።»

እኔ ግን ጀምሬ ነበር። እዚያው አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አስታወስኩ። አባቴ ጓሮ ቤት ደጃፍ ይቆምና ይስላል። «ባሎቴ፣ መዶሻ ልዋስ ነበር» ይላል። እሷም «ምን ልትመታ ነው?» ትለዋለች። እሱ ደግሞ የቱ ግድግዳ እንደሆነ፣ የቱ ሚስማር እንደወለቀ አንድ በአንድ ያስረዳል። መዶሻ ለመዋስ ይህ ሁሉ ማብራሪያ? አንድ ጊዜ ደግሞ በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ ቀዶ መስኮት ሊያወጣ፣ የልብስ ስፌቱን ከገበያ ወደ ቤት ሊያመጣ አስቦ ነበር። ወደ ጓሮ ሄደ፣ ተመለሰ። «መዶሻው የለም» አለን። መስኮቱም በዚያው ቀረ። እኔ ሞኟ፣ ለመስኮት ሥራ ሌላ ሰው ዘንድ መዶሻ ይጠፋል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

በነጋታው ገዢው መጣ። ጋሼ ሳቢር ይባላል፤ ቤተሰቦቹ ከስልጤ የመጡ፣ ራሱ ግን ሶዶ ተወልዶ ያደገ ጅምላ ነጋዴ ነው። ሲገዛ የማይቸኩል ሰው ነበር። ጣሪያውን አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ የዳሞታ ተራራ ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ ጠየቀ። ዞሮ ዞሮ ጓሮ ደረሰ። እማማ ባሎቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እንደ ድንች የሚቀቀለውን ቦዬ ትልጣለች።

«እናቴ፣ እንደምን አሉ? ቤቱን ልገዛ ነው። ክፉና ደጉን ይንገሩኝ።»

«ባለቤቶቹን ጠይቅ» አለችው፣ ከቢላዋዋ ቀና ሳትል።

«እነሱ ሻጮች ናቸው፤ ሻጭ ክፉውን አይነግርም» ብሎ ሳቀ። «በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ ቀድጄ ሱቅ ላደርገው ነው ያሰብኩት።»

እማማ ባሎቴ ቢላዋውን ጣለችው።

«ያን ግድግዳ አትንካ! መሃል ምሰሶው ይላላል። ባሌ ነው የተከለው!»

ከአፏ ሲወጣ እሷም ደነገጠች። ጎንበስ ብላ ቢላዋዋን ፈለገች። ጋሼ ሳቢር እኔን አየኝ፣ እኔ ታምራትን አየሁት፣ ታምራት እንሰቱን አየ።

«የትኛውን ምሰሶ ነው ያሉት?» አላት ጋሼ ሳቢር በቀስታ።

«አርጅቻለሁ። አፌ ነው» ብላ ልጣጩን ሰብስባ ገባች።

ጋሼ ሳቢር ታምራትን ትከሻውን ይዞ እስከ በር አደረሰው። እኔም ተከተልኩ።

«ወንድሜ፣ ቤት እገዛለሁ፤ የሰው እንባ ግን አልገዛም። እኔ በደርግ ጊዜ የአባቴ ቤት ሲወረስ ያየሁ ሰው ነኝ። ከእኚህ እናት ጋር ያላችሁን ነገር ጨርሱና ጥሩኝ» አለው።

«ምንም ነገር የለንም!» አለ ታምራት።

«ከሌላችሁ ቶሎ ያልቃላ» ብሎ ሄደ።

ታምራት በንዴት ወደ ከተማ ወጣ። እኔ ቤቱ ውስጥ ገብቼ መሃል ምሰሶውን አየሁት። ስንት ዓመት ተደግፌው አጥንቻለሁ፣ ስንት ዓመት ቀን መቁጠሪያ ሰቅለንበታል። የተከለው የእማማ ባሎቴ ባል ከሆነ፣ ይህ ቤት ሲሠራ አባቴ የት ነበር? የማውቀው ቤት እንግዳ ሆነብኝ። መዶሻውን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደጃፏ ላይ ቆሜ እንደ አባቴ ሳልኩ።

እማማ ባሎቴ አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት አትለይም፤ እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ «አንተ» ነው የምትለኝ።

«ግባ ልጄ» አለችኝ። መዶሻውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማማ፣ አባባ መዶሻ ነበረው። ታዲያ ለምን ካንቺ ይዋስ ነበር?»

«ከኔ?» ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። «እኔ መዶሻ የለኝም እኮ። ኖሮኝም አያውቅ። እሱ ሲመጣ ኮቱ ውስጥ ይዞት ነው የሚመጣ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ነበር የሚመጣው?»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ሊጠይቀኝ ነዋ። ቤቱ የኔ ነው። ሰው ሰምቶ 'የማንን ፈቃድ ነው የምትጠይቅ?' እንዳይለው፣ መዶሻ ልዋስ ይላል። ገብቶህ ነው?»

ገባኝም አልገባኝም። ተቀመጥኩ። እሷም ነገረችኝ።

ባሏ ቆዳ ነጋዴ ነበር። ትልቁንም ትንሹንም ቤት የሠራው እሱ ነው። እሱ ሲሞት ትልቁን ቤት ገና ላገባ ወጣት ልብስ ሰፊ አከራየችው፤ አባቴ ነው። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ትርፍ ቤት ይወረሳል ተባለ።

«አንድ መበለት ሁለት ቤት፤ አንዱ ሊሄድ ነው። ትልቁን ልያዝ ብል ቀበሌው ለቢሮ ዓይኑን ጥሎበታል። 'ብቻሽን ምን ትሠሪበታለሽ?' ብሎ ያስወጣኛል። ታምራት የአራስ ልጅ ነበር ያኔ። ልጅ ያለበት ቤት አይነኩም ብዬ አባትህን ጠራሁት። 'ትልቁን የኔ ነው ብለህ ተመዝገብ፤ እኔ በትንሹ እመዘገባለሁ' አልኩት። እሱ ፈራ። እሺ ያለው እናትህ ነው።»

«በመሃላችሁ ወረቀት አላደረጋችሁም?»

«ወረቀት? ወረቀቱ ቢገኝ ሁለታችንም እስር ቤት ነበርን። ግድግዳ ጆሮ ነበረው ያኔ።»

«ደርግ ከወደቀ በኋላስ?»

«መጣ። 'ባሎቴ፣ ቤትሽን ውሰጂ' አለኝ። እናትህ ታሞ ነበር፣ አንተ ገና ተማሪ። የት ይሂዱ? 'ልጆቹ ይደጉ' አልኩት። አደጋችሁ። 'ለጊፋታ እነግራቸዋለሁ' ይላል። ጊፋታ ይመጣል፣ ሥጋ ይበላል፣ 'ለሚመጣው ጊፋታ' ይላል።» እንደገና ሳቀች። «ካርታ ሲሰጥ በስሙ ሰጡት፤ ግቢው አንድ ነው ብለው የኔንም ቤት ጨምረው። ያን ቀን አፍሮ ምግብ አልበላም።»

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። አባቴን እወደው ነበርና ልጠይቀው ፈራሁ፤ ግን ጠየቅኩ።

«እማማ፣ ሊክድሽ አስቦ ቢሆንስ?»

በቁጣ አየችኝ።

«የሚክድ ሰው መዶሻ ይዋሳል?»

«ታዲያ ድንኳኑ ውስጥ ለምን አልተናገርሽም? ቤቱ ሲሸጥ እያየሽ?»

«ነግሯችሁ ዝም ካላችሁ፣ ብናገር ምን ይጠቅመኛል? ካልነገራችሁ ደግሞ፣ ሬሳ በወጣበት ቤት 'የኔ ነው' የሚል አሮጊት ማን ያምናል? ፊታችሁን አየሁት። አልነገራችሁም።»

አመሻሹ ላይ ታምራት ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ አልጠበቀም።

«በመዶሻ ቤት ይሰጣል እንዴ? ካርታው የአባባ ነው፤ ፍርድ ቤት ወራሽ ናችሁ ብሎናል። በሕግ ማን ይወስድብናል?»

«ማንም አይወስድብንም። እሱ ነው የጨነቀኝ።»

«ብትዋሽስ?»

ማስረጃ አልነበረኝም። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጊፋታ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ የበዓሉ ሥጋ ሲመጣ በየቤቱ መጀመሪያ የሚቀምሰው የቤቱ ባለቤት ነው። እሱ ሳይቀምስ ልጅ እጁን አይዘረጋም።

«ታምራት፣ የጊፋታን ሥጋ ለእማማ ባሎቴ የሚወስደው ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ።»

«መቼ? እኛ ከበላን በኋላ?»

ወደ ጓሮ ዞሮ አየ።

«ከሁላችን በፊት» አለ በመጨረሻ። «'ቀምሳ እስክትመርቅ ቆመህ ጠብቅ' ይለኝ ነበር። እየራበኝ፣ እየተናደድኩ ነው የምጠብቃት። እኔ ተመልሼ 'ቀምሳለች' እስክል አባባ አይነካም።» መሃል ምሰሶውን ተደግፎ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። «በየጊፋታው ሲነግረን ነበር እኮ» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ ሳናን ጠየቅናቸው። «አባታችሁ ሲያገባ የባሎቴ ተከራይ ነበር፤ ይህን ሶዶ ያረጀ ሁሉ ያውቃል» አሉን። «ከዚያ በኋላ በምን እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። ያኔ አይጠየቅም ነበር። ኋላም ቀረ።»

አቶ ሳናን ይዘን ወደ ጓሮ ሄድን። ታምራት ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል እማማ ባሎቴ ትከሻውን ይዛ ከለከለችው።

«እማማ፣ ቤትሽን ተረከቢን» አላት።

እንደምትደሰት አስቤ ነበር፤ እሷ ግን እየተናደደች መሰለኝ።

«እኔ ትልቁ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ? ከአይጥ ጋር ላውራ? የሦስታችን ስም ይግባበት። አባታችሁ ጠብቆታል፣ እናንተ አድጋችሁበታል። ግን እኔ ሳልሞት አይሸጥም። ያ መስኮትም አይቀደድም!»

ማዘጋጃ ቤት ስንሄድ የተቀበለን ሠራተኛ ወረቀታችንን አገላብጦ «ወራሾች ለጎረቤት ድርሻ የምትሰጡት ተስማምታችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀን። አዎ አልነው። ታምራትን ለብቻው፣ እኔን ለብቻዬ ደግሞ ጠየቀን። በመጨረሻ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። እማማ ባሎቴ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ጋሼ ሳቢርም ሲሰማ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሌላ ሰፈር ገዛ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «መዶሻችሁ ደህና ነው?» ይለኛል።

ታምራት ወደ ሐዋሳ ሊመለስ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነበር። የእማማ ባሎቴ በር አንድ ሳንቃው ላልቶ ሲንቋቋ ሰማ። የአባቴን መዶሻ ከሳጥኑ አወጣ፣ ጃኬቱ ውስጥ ከተተው። በእንሰቱ መሃል አልፎ ደጃፏ ላይ ቆመና ሳለ። እኔ ከኋላ ነበርኩ።

«እማማ፣ መዶሻ ልዋስ ነበር።»

ከውስጥ እያለቀሰች እንደሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ «ምን ልትመታ ነው?» አለችው።

ታምራትም የቱ ሳንቃ እንደሆነ፣ የቱ ሚስማር እንደወለቀ አንድ በአንድ አስረዳት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት በተመለከተ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ስለ ዋጋ አላወራም። ካርታ የሚናገረው ማን እንደተመዘገበ ነው፤ ማን እንደሠራው፣ ማን ለማን እንደጠበቀው አይነግራችሁም። ስለዚህ ወራሾች ከሆናችሁ ፍርድ ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ግቢያችሁን ዙሩ። ከጓሮ የሚኖረውን ሰው ከገዢው በፊት አነጋግሩት። የሰፈሩን ሽማግሌ ሟች እዚህ የገባው እንዴት እንደነበር ጠይቁት፤ ካልተጠየቀ አይናገርም። በለቅሶ ሰሞንም አትወስኑ፤ ሐዘን ሲቸኩል ብዙ ነገር ይረግጣል። ወላጆቻችሁ በልማድ ይሠሩት የነበረ፣ ምክንያቱ የማይገባችሁ ነገር ካለ ደግሞ እሱን ጎርጉሩ። አባቴ ታማኝ ሰው ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ አልካደም። ግን ታማኝነቱን ይዞት ሊቀበር ለጥቂት ነበር፤ ገዢያችን ቸኳይ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ሳናውቅ በእሱ ስም እንክድለት ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል። ቤት ያላችሁ ወላጆች፣ ዛሬ ወረቀት ሰው አያሳስርም። አራት ምስክር ጥሩና ተናዘዙ፤ ካልሆነም ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ ንገሩ። «ለሚመጣው ጊፋታ» አትበሉ።

እማማ ባሎቴ ካረፈች ቆይቷል። ድርሻዋን ሁምቦ ለምትኖር የእህቷ ልጅ ለጥሩነሽ ተናዘዘች፤ አሁን ጓሮ ቤት የምትኖረው እሷ ናት። እኔም አግብቼ፣ ወልጄ፣ ትልቁ ቤት ውስጥ አለሁ። በቀደም መደርደሪያ ልሰቅል ፈልጌ መዶሻውን ይዤ በእንሰቱ መሃል ስሄድ ልጄ ከኋላዬ ተከትላ መጣች።

«እማ፣ መዶሻ በእጅሽ ይዘሽ መዶሻ ለመዋስ ትሄጃለሽ?» አለችኝ።

ጥያቄ ወዳድነቷ ከማን እንደመጣ አውቃለሁ። መደርደሪያውን ተውኩት። እዚያው እንሰቱ ሥር አስቀምጫት ሁሉንም ነገርኳት።